ተኝተው ሳሉ
ተዋናይት አርሴማ መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ ጫማ ስትለካ አንዲት ሴት መጥታ ፊቷ ተገተረች። አርሴማ በአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ላይ ከሞተች በኋላም በመንፈስ እየተመለሰች ልጆቿን የምትጠብቅ እናት ሆና ነበር የምትተውነው፤ ባለፈው እሑድ በመጨረሻው ክፍል መንፈሷ ላትመለስ ሄደች።

«አንቺ አረመኔ» አለቻት ሴትዮዋ። «ልጆቹ ተኝተው፣ ሳትሰናበቻቸው ትሄጃለሽ?»

«ድርሰቱ እንደዚያ ነው፣ እህቴ።»

«ድርሰት አትበይኝ። ጠዋት ሲነሱ ማንን ይጥሩ? አንጀት የሌለሽ!»

አርሴማ ተናዳ «ዘወር በይልኝ» አለቻት። ሴትዮዋ ግን ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት።

ይሄኔ አብራት የመጣችው የሴትዮዋ ታናሽ እህት መሀል ገብታ አስለቀቀቻት፤ ከዚያም ወደ አርሴማ ጆሮ ጠጋ አለች።

«አትቀየሚያት። ነገ ሌሊት ወደ ቤይሩት ትበራለች። ለልጆቿ አልነገረቻቸውም።»