ያልታየ ፊት

ከጦርነቱ በኋላ የፎቶግራፍ ጠባይ ተለወጠ፤ በየቀኑ የሚያየው ሰው ካላገኘ ፊቱ ይጠፋል። ስለዚህ በዕርቁ ጊዜ እያንዳንዱ ቤት ከወንዙ ማዶ የሞተ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ተቀብሎ እንዲመለከት ተደነገገ። ለወይዘሮ አስካለ የደረሳት ሙላው የሚባል ወጣት ነበር።

በሰባተኛው ዓመት እናቱ እማማ ትሁኔ ተሻግረው መጡ።

«ድልድያችሁ እንደ ሙግታችሁ ረዥም ነው» አሉ ሲቀመጡ። «አደራዬን እንዴት ያዝሽልኝ፣ ልጄ?»

«የፎቶግራፉን መስታወት ሳልወለውል የዋልኩበት ቀን የለም፣ እማማ።»

እውነቷን ነበር። ነገር ግን ወንድሟን የገደሉት የማዶ ሰዎች ነበሩና፣ ስትወለውል ሁልጊዜ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞር ነበር።

አሮጊቷ ፎቶግራፉን ተቀብለው ወደ ብርሃን አስጠጉት። ከሸሚዙ ኮሌታ በላይ ነጭ ወረቀት ብቻ ቀርቷል። ፎቶግራፉን ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

«የነበረኝ ፎቶግራፍ ይኸው አንዱ ነው። መልኩንም እርጅና ከልቤ ወስዶብኛል። አንቺ ግን ሰባት ዓመት አብረሽው ኖረሻል፤ እስቲ ንገሪኝ፣ አፍንጫው የአባቱ ነበር?»

አስካለ ያንን አፍንጫ አንድም ቀን አላየችውም። አሮጊቷ ግን ጆሯቸውን ወደ እርሷ አዘንብለው ይጠብቃሉ።