የሊቀመንበሩ ለቅሶ

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከለቅሶ በቀር ስብሰባ የሚባል ነገር ሲከለክል፣ የተቃዋሚው ፓርቲ ሊቀመንበር መላ ዘየዱ፤ ሞቱ። የሞቱት እንኳ ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። «አገራቸው ሄደው ተቀበሩ» ተባለና የዕድሩ ድንኳን ግቢያቸው ውስጥ ተተከለ። አባላቱም ጋቢያቸውን ተከናንበው በወታደሮቹ ፊት እያለፉ ገቡ። አንዱ ወታደርማ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሏቸዋል።

ሟች ጓዳ ተቀምጠው በመስኮቱ ቀዳዳ ድንኳኑን ያያሉ። ምክትላቸው አቶ ጥላዬ የሕይወት ታሪክ አስመስሎ አዋጁን የሚቃወመውን መግለጫቸውን ሊያነብ ነው። አባላቱ «ሰውዬው ፈሩ» ማለት ጀምረዋልና፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንበራቸውን የሚያድንላቸው ይኸው መግለጫ ነበር።

አቶ ጥላዬ ተነሥቶ ዓይኑን ጠረገ።

«ጋሼ ታላቅ ሰው ነበሩ» አለ። «ወንበራቸው ግን ባዶውን አይደር። እኔ እንድተካቸው የምትፈልጉ እጅ አውጡ። ኧረ ቀስ! ወታደሮቹ እንዳያዩን።»

ሟች ብድግ አሉ። በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። ከወጡ ለቅሶው ስብሰባ ሊሆን ነው፣ ስብሰባ ደግሞ እስር ቤት ያስገባል። ተመልሰው ዓይናቸውን ቀዳዳው ላይ ተከሉ።

እጆች ከየጋቢው ሥር ብቅ ብቅ አሉ። ከሁሉም ቀድሞ የወጣው ግን ከፊት የተቀመጠችው፣ ጥቁር የለበሰችው የባለቤታቸው እጅ ነበር።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለች፣ እጇን ሳታወርድ። «እሳቸውም ደክሟቸው ነበር።»