የኬድን ቦታ የቀየረው ማን ነው?

ሮይስ መዶሻውን ይዞ ከፒክአፑ ወረደ...

ቀጥ ብሎ አሰልጣኝ ሃርላን ግቢ ገባና ሣሩ መሃል "ይህ ቤት ይሸጣል" የሚል ሰሌዳ መትከል ጀመረ።

ቤቱ አይሸጥም። እኛ ቴክሳስ፣ በትንንሽ ከተሞች፣ የትምህርት ቤት ፉትቦል (በእጅ እየተያዘ የሚሮጥበት የአሜሪካኖቹ ኳስ) አሰልጣኝ "በቃህ፣ ልቀቅልን" የሚባለው እንዲህ ነው።

ሃርላን በሩን ከፍቶ ወጣ። አየው... አየው...

"ሮይስ፣ ትንሽ ወደ ግራ አድርገው። እዚያ ጋ የውሃ ቧንቧ አለ።"

ይህን ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? የሮይስን ልጅ የኬድን ቦታ ቀይሯል።

ኬድ ያኔ አስራ ስድስት ዓመቱ ነው። ሯጭ ስለሆነ ኳስ ተቀባይ ነበር፤ አገር የሚያጨበጭብለት ማለት ነው። ሃርላን ከዚያ ቦታ አንስቶ ታይት ኤንድ አደረገው... ከግዙፎቹ ጎን ቆሞ ሲገፋና ሲገፈተር የሚያመሽ፣ ኳስ አልፎ አልፎ ብቻ የምትደርሰው።

ከሮይስ ጋር አንድ መጋዘን ነው የምንሰራው። አርብ አርብ ጨዋታ ላይም ከኋላው እቀመጣለሁ። "ኬድ ሩጥ! ኬድ እጅህን!" ሲል ጆሮዬ እስከ ሰኞ ይጮህብኛል። ኳስ ካመለጠችው ደግሞ ወቀሳው መኪና ውስጥ ይጀምርና እራት ላይም አያበቃም።

ታዲያ ሮይስ ሄዶ ለምን ቀየርከው ሲለው፣ ሃርላን ለልጁ ይሻለዋል ብሎ ዝም አለ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል... የሃርላን ዝምታ ግን እንጀራውን አሳጣው። ሮይስ ወላጆችን አሳደመ፣ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ድምፅ ሰጠ፣ ሰውዬው ተሰናበተ። ራቅ ያለ ከተማ ሄዶ ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነ።

አዲሱ አሰልጣኝ ኬድን እዚያው ተወው። ልጁ ትከሻው ሰፋ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ትምህርት ወሰደው። እዚያም ገፋ፣ ተገፋ፣ ጉልበቱን ተጎዳ፣ ታክሞ ተመለሰ።

ከዚያ ፕሮፌሽናል ክለቦች ተጫዋች የሚመርጡበት ጊዜ ደረሰ።

የሮይስ ቤት በሰው ጢም ብሏል። ጭስ ላይ የዋለው የበሬ ሥጋ ቀርቧል፣ የሚበላ ግን የለም፤ ሁሉም የኬድን ስልክ ነው የሚያየው። የመጀመሪያው ቀን አለፈ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ስልኩ ጮኸ... ተመረጠ።

ሮይስ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አስዋሸኝ።

የከተማው ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ማይኩን አስጠጋችና፣ ለመሆኑ ታይት ኤንድ ያደረገህ ማን ነው ብላ ኬድን ጠየቀችው።

ሮይስ ያኔ መቃወሙን ረስቶ፣ ስሙ የሚጠራ መስሎት ኮፍያውን አስተካከለ።

"ራሴ ነኝ" አለ ኬድ፣ በደከመ ድምፅ። "ኮች ሃርላንን ለምኜው ነው። ሊያባርሩት ሲሉ እውነቱን ልናገር አልኩት። 'አንተ ገና ሁለት ዓመት አባትህ ቤት ታድራለህ። እኔ ሌላ ሥራ አላጣም፣ ዝም በል' አለኝ።"

ሮይስ ኮፍያውን አወለቀ።

በማግስቱ ሮይስን እዚያ ራቅ ያለው ከተማ፣ ሃርላን ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ መንገዱን ብቻውን አልደፈረውም። ይቅርታ እንኳን መጠየቅ አልሆነለትም፤ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

"ኮች... ልጄ ለምን ያንን ቦታ ፈለገ?"

ሃርላን አርጅቷል። መልሱን ላለመናገር ብዙ ታገለ...

"'ኳስ የማይመጣበት ቦታ ስጠኝ' አለኝ። 'ኳስ ካልመጣ አባቴ ስሜን አይጮህም።'"

ሮይስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ወዳጆቼ... ልጁ ትልቅ ቦታ ደርሷል፣ እውነት ነው። የደረሰው ግን ከአባቱ ድምፅ ሲሸሽ ነው። ለልጅ ማሰብና በልጅ መታየት ለየቅል ናቸው። እንወዳቸዋለን እያልን ስንቶቹን አድክመናቸዋል።

እናንተ በሃርላን ቦታ ብትሆኑ ለአባትየው ያኔውኑ ትነግሩት ነበር... ወይስ ሥራችሁን አጥታችሁም ቢሆን የልጁን ምስጢር ትጠብቁ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።