የዮዳሄ መተኛ

«እኛን ማንም ቅኝ ገዝቶን አያውቅም! የመርከቡ ካፕቴን ካልሆንኩ አልጫወትም» አለች ዮዳሄ አፍንጫዋን ነፍታ።

ባሕር ማዶ፣ ክሬሰንት ታውን ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለው የአማርኛ ቸርች ምድር ቤት፣ ወጣቶቹ ስለ ባሪያ ንግድ ድራማ ይለማመዳሉ። እኅት ሥርጉት ወለሉ ላይ ቴፕ ለጥፋ የመርከብ ሆድ ሠርታለች፤ ለእያንዳንዱ ልጅም መተኛ ለክታለች።

ሁሉም ተጠጋግተው ሲተኙ ዮዳሄ ብቻዋን ቆማ ቀረች።

«እዩዋቸው፣ ሰርዲን!» ብላ ስትስቅባቸው፣ ባዶ መሆን የነበረበት የእሷ መተኛ ተይዞ አየች።

«ማነሽ አንቺ? የእኔ ቦታ እኮ ነው።»

ጀርባዋን የሰጠቻት ልጅ ቀሚሷ በስብሶ፣ የባሕር ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ያንቺ ከሆነ ነይና ተኚበት» አለች ሳትዞር።

«ኢትዮጵያዊ ነኝ እኮ!»

«ባሪያ ገዢዎቹ ሸንኮራ የሚቆርጥ እጅ ነው የሚፈልጉት። አገርሽን ማን ጠየቀሽ?»