የዳኛዋ በር

ዳኛ ሶስና በሚኒሶታ ፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ ሰው ላይ ሃያ ዓመት ከፈረደች ወዲህ፣ የቤቷ በር በየዕለቱ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይቆለፍባታል። ሕጉ እስረኛው እስኪፈታ ፈራጁም እስሩን እንዲቀምስ ያዛል።

ልጇ ቤዛ የሠርጓን መጥሪያ አመጣችላት። ራቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

"ፍርድሽን የሚያዩትን ይግባኝ ሰሚዎች ተሳስቼ ነበር በያቸው" አለቻት።

"አልተሳሳትኩማ።"

"እንግዲያው እንዲሽሩብሽ ስለት እገባለሁ።"

"እኔም ገብቻለሁ" አለች ሶስና።

የይግባኙ ውሳኔ የደረሰው እዚያው እንደተቀመጡ ነው። ሦስቱም ዳኞች ፍርዱን አጽንተውታል። ቤዛ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ እማዬ። ልክ ነበርሽ።"

ሶስና መጥሪያውን አጥፋ መለሰችላት።

"በይ ውጪ፤ በሩ ሊቆለፍ ነው።"