አስመሳዩ አልቃሽ

አባትየው ስልክ ደዋዩ ያዘዘውን ሁሉ እስከ ዛሬ ፈጽሟል። ድምፁን እንጂ መልኩን አያውቀውም። አሁን የቀረችው አንዲት ትእዛዝ ናት።

«ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው በውሸት ያለቅሳል። ለይተህ በሰው ፊት አጋልጠው፤ ልጅህ ባንኮክ ሄዳ ልቧን ትታከማለች። ከተሳሳትክ ግን ቀረ።»

ለቅሶ ቤት ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ገብቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ሟች ጸበል ሊጠመቅ ሄዶ እዚያው አርፎ የተቀበረ ወጣት ነው አሉ። መጀመሪያ ጥቁር መነጽር ያደረገውን ሰውዬ ጠረጠረ፤ ሰውዬው መነጽሩን ሲያወልቅ ግን ዓይኑ ደም መስሏል። ቀጥሎ ደረቷን የምትመታውን ልጃገረድ ጠረጠረ፤ እሷም ራሷን ስታ ወደቀች።

«ምን ይጎልትሃል?» አሉት አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ። «ተነሥተህ እናቲቱን አጽናናት እንጂ! ድንጋይ ነህ እንዴ?»

ተነሥቶ አቀፋት። «እግዜር ያጽናዎት፣ እናቴ።»

እናቲቱ እያነባች ጆሮው ሥር አንሾካሾከች።

«የማታለቅሰው አንተ ብቻ ነህ። እንድታየኝ የላኩት አንተን ነው፣ አይደል? ይኸው፣ በቁሙ አለቀስኩለት። ልጄ እዚያው ጸበሉ ዘንድ ታሞ ተኝቷል። ባንኮክ እናሳክመዋለን ያላችሁኝን እንዳትረሱ፣ በሞቴ!»

እጁ ከትከሻዋ ላይ ተንሸራተተ። ወደ ሰዉ ዞሮ አፉን ከፈተ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ያየዋል።

ከዚያ መልሶ አቀፋትና የገዛ ልጁን ስም እየጠራ ማልቀስ ጀመረ።