አሻጥር በጀልባዋ ሽንት ቤት

ቢያዝን የሽንት ቤቱን የኤሌክትሪክ ቁልፍ ለአራተኛ ጊዜ ተጫነው። ሽንት ቤቱ እምምም ብሎ አጉረመረመና ዝም አለ። ውሃ የለ፣ መዋጥ የለ።

«አሁንስ?» አለ ጓድ ደሞዝ ከበሩ ላይ፣ አፍንጫውን በመሀረብ ይዞ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው።

«ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የሚያጉረመርምማ አድኃሪ ነው! ጎርጎራ ሳንደርስ ካልሠራ አሻጥር ብዬ ነው የምጽፍብህ።»

 የጀልባዋ መካኒክ ቢያዝን ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሰውዬ፣ የጀልባዋ ሞተር ዘይት ጨርሶ ቢቆምበት አሻጥረኛ ተብሎ እስር ቤት ገባ፤ ሚስቱ ሸጊቱ ይኸው እስከ ዛሬ ስንቅ ታመላልሳለች። ደግሞ ዛሬ የመጣው እንግዳ ተራ እንግዳ አይደለም። ፓርቲው ሊመሠረት ጥቂት ወር ቀርቶታል፣ ማን አባል እንደሚሆን የሚመርጠው እሱ ነው። ትናንት ማታ ባሕር ዳር ዓሣውን በሚጥሚጣ ሲያወርደው አምሽቶ፣ አሁን ከላይ ሆዱን ይዞ ይንጎራደዳል።

ፊውዙን አየው፤ ደህና ነው። ባትሪው ሙሉ ነው። ደንገል ገብቶበት ይሆናል ብሎ ከሐይቁ ውሃ የሚስበውን ቧንቧ ነቀለ፤ ንጹሕ ነው። እንግዲህ ሞተር እያጉረመረመ ካልዞረ፣ ቆሻሻውን የሚፈጨውን ምላጭ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። አራቱን ብሎን ሲፈታ ጓዶች ከጠዋት ጀምረው ያወረዱት ሁሉ እስከ ክርኑ ፈሰሰበት።

ምላጩ ላይ ጥቁር ክር ተጠምጥሟል። በፒንሳ ይዞ ቀስ እያለ ሳበው። የተገመደ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል አለች።

ማተብ።

ጠዋት ሲነሱ እንግዳው እየሳቀ፣ «አንገቱ ላይ ክር ያንጠለጠለ አባል አይሆንም፤ ጎርጎራ ስንደርስ አንድ በአንድ አያለሁ» ብሎ ነበር። ቢያዝን ቀና አለ። ደሞዝ ሙቀቱ ቢጠናበት የካኪውን ቁልፍ ከፍቷል። ጠይም አንገቱን ዙሪያውን ነጣ ያለ መስመር ከቦታል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኸ…»

«ዝም በል!» ደሞዝ ገብቶ በሩን ዘጋ። መሀረቡን ከአፍንጫው አወረደ። «ሐይቁ ላይ ብጥለው ሃያ ሰው ያየኛል። ይኸ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሁሉን ይፈጫል ሲሉ ሰማሁና…»

«ክር አይፈጭም። ክር ይጠመጠማል።»

«ምንድን ነው የተገኘው?» አለ እንግዳው ከላይ። ድምፁ ቀጥኗል።

ደሞዝ የቢያዝንን አንገት አየ። ከቱታው ሥር ጥቁር ክር ብቅ ብሏል።

«ያንተ ነው» አለው በሹክሹክታ። «ጎንበስ ስትል ወደቀብህ። ጥፋት ነው እንጂ አሻጥር አይባልም። እኔ አስጨርስልሃለሁ።»

«የኔማ ይኸው አንገቴ ላይ!»

«በጥሰው።»

«እናቴ ናት ያሰረችልኝ። ነፍሷን ይማርና፣ ልትሞት ሰሞን…»

«የኔን ማን ያሰረው መሰለህ?» የደሞዝ ዓይን ውሃ ሞላ፤ ወዲያው ደረቀ። «ምረጥ። ወይ ይኸ፣ ወይ አሻጥር።»

የእግር ኮቴ ደረጃውን ይወርዳል። ቢያዝን ፒንሳውን ወደ አንገቱ ወሰደ። ቀጭ። ደሞዝ የተቆረጠውን ንጹሕ ክር ከእጁ ቀማና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ካኪውን እስከ ጉሮሮው ቆልፎ በሩን ከፈተ።

«የማን ነው?» አለ እንግዳው፣ በቢያዝን ግራ እጅ የሚንጠባጠበውን ክር እያየ።

«የኔ ነው፣ ጓድ። ወድቆብኝ።»

እንግዳው ሆዱን እንደያዘ ባዶ አንገቱን አይቶ ሳቀ። «ይኸውላችሁ! ሽንት ቤቱ ሳይቀር ነቅቷል! ጓድ ደሞዝ፣ ስሙን ለአባልነት መዝግበው። በል ቶሎ ግጠምና ውጣልኝ!»

ቢያዝን ገጠመው። ቁልፉን ሲጫነው ሽርርር ብሎ ጥርግ አድርጎ ዋጠ። እንግዳው እየገፋው ገባ።

ደሞዝ ከላይ የጀልባዋን የብረት አጥር ተደግፎ ወደ ዘጌ ያያል። ቢያዝን አጠገቡ ቆመ።

«የኔን ይስጡኝ።»

«ቤት ስመለስ እናቴ አንገቴን ታያለች» አለ ደሞዝ፣ ዞር ሳይል። «አንተን የሚያይህ የለም።»

ቢያዝን ወደ ጀልባዋ ኋላ ሄዶ በደረቱ ተኛ፣ ከምላጩ ላይ የፈታውን የደሞዝን ክር ሐይቁ ውስጥ ነከረው። አሸው፤ መስቀሏን በጥፍሩ ፈቀፈቃት። አወጣውና አሸተተው።

መልሶ ነከረው።